በቦዩ የወረደው ብራና

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ዶክተር ኅሩይ። «ከቦይ ራስ የሚኖር።»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ስንቅነሽ የሒሳብ መምህርት ናት። ከአራት ወር በፊት ከአንጀቷ ላይ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። ሐኪሞቹ ዕጢው ተጠርጎ ወጥቷል ብለዋታል፤ ነገር ግን ከዕጢው የረገፈ ነገር በደምሽ ውስጥ እንዳለ እንድንመረምር በየሦስት ወሩ እየመጣሽ ደም ስጪ አሏት። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ አልሄደችም። ዶክተር ኅሩይ የአባቷ ባልንጀራ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ዕጢ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው። ቤታቸው ድረስ መጥታ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ ቆርጠው ያወጡት ወጥቷል። ከሱ የረገፈውም ሞቷል። የሞተ ነገር ደሜ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?»

እሳቸው አዎም አይደለምም አላሏትም። ምሳሌውን ጀመሩ።

ገበሬው የሚኖርበት ሸለቆ አንድ ምንጭና አንድ ቦይ ነበረው። ቦዩ ከላይ ተነሥቶ አርባ ያህል ቤቶችን እያጠጣ ቁልቁል ይወርዳል። ሸለቆውን ያቀኑት አባቶች የውሃውን ሕግ በብራና ጽፈውት ነበር። ቦዩ መቼ እንደሚጠረግ፣ ካብ ሲናድ ማን እንደሚክብ፣ ማን በስንተኛው ቀን እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ ሁሉም እዚያ ላይ ሰፍሯል። በየቤቱ አንድ አንድ ቅጂ በማኅደር ተደርጎ ይሰቀላል። የአንዱ ቤት ብራና ከሌላው በቃል አይለይም። የላይ ሰውም የታች ሰውም ሙሉውን ሕግ ይይዛል፤ የሚያነበው ግን የሚመለከተውን ክፍል ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ የአባቱ ብራና ይገለበጥለታል። ያለ ብራና ጎጆ የሚወጣ የለም።

ከሕጉ መካከል እንዲህ የሚል መስመር ነበረ፦ «ማሳህ ሲጠግብ ዝጋ፤ ከታችህ ያለው ወንድምህ ነው።»

የላይኛው ገበሬ ጎጆ ሲወጣ ብራናው ሲገለበጥለት ይህ መስመር ተዘለለ። የገልባጩ ዐይን ደክሞ ይሁን፣ የቀድሞው ቀለም ደብዝዞ ይሁን፣ ያወቀ የለም። ክፋት አልነበረበትም። ገበሬውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን እንደማንኛውም ሰው እያነበበ በሕጉ የሚኖር ነበር። ሕጉ ክፈት ይላል፤ ከፈተ። ዝጋ አይልም፤ አልዘጋም።

ማሳው አማረለት። በዓመቱ ሌላ መሬት መነጠረ፤ በሁለተኛው ዓመት ግጦሹንም አረሰው። ልጆቹ አገቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ብራና ገለበጠላቸው። ያ መስመር በእነሱም አልነበረም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከቦዩ ራስ ላይ አሥራ አንድ ቤት ተደርድሮ ቆመ፤ ጣራው ጣራ ሊነካ የደረሰ። ሁሉም ከፋች ነው። ዘጊ የለም።

ከታች ያሉት ሰዎች ሽማግሌ መርጠው ላኩበት።

«ወንድማችን፣ ውሃው አልደርስ አለን። ስንት ቀን ነው የምትከፍተው?» አሉት።

«ሕጉ እንዳዘዘኝ።»

«ሕጉ እኮ ዝጋ ይላል።»

ብራናውን ከማኅደሩ አውጥቶ ዘረጋላቸው። «የት ላይ ነው የሚለው? እስቲ አሳዩኝ።»

ፈለጉ፤ አጡት። በማግስቱ የራሳቸውን ይዘው ተመለሱ። እሱም አየውና «ይህ የእናንተ ነው። እኔ የምተዳደረው በቤቴ ነው» ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ የሄደበት ሰው የለም።

ነገር ግን ውሃ የበዛበት መሬት ሸክም አይችልም። አሥራ አንዱ ቤት የቆመበት አፈር ሥር ሥሩን ረጠበ፤ የግድግዳው ጭቃ ከታች እየቀለጠ ሄደ። በአንድ ክረምት አራቱ ቤቶች ተደረመሱ። ሰዎቹ ነፍሳቸውን አትርፈው ወጡ። ግድግዳ ሲወድቅ ግን ግድግዳ ብቻውን አይወድቅም። በየቤቱ የተሰቀለው ብራና ጭቃው ውስጥ ወደቀ፤ ጎርፉ ቆራረጠው፤ ቁርጥራጩ በቦዩ ወረደ።

በእርግጥ በዚያ ሸለቆ ብራና በውሃ ሲወርድ የመጀመሪያው አልነበረም። ያረጀ ቤት በየዓመቱ ይፈርሳል፤ የዚያም ብራና አንዳንዴ ይወርዳል። ሣር ላይ ይቀርና ይበሰብሳል፤ ፍየል ይበላዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። የዚያን ክረምት የወረደው ግን ብዙ ነበር። ደግሞም መስመር የጎደለበት ነበር። አብዛኛው እንደ ድሮው ሣር ላይ ቀርቶ በሰበሰ። ጥቂቱ ግን ከሰው እጅ ገባ።

መጀመሪያ ያገኘችው አንዲት ባልቴት ናት። ቦዩ በቤቷ ሥር ያልፍ ነበርና አንድ ጧት ጓዳዋን ስትጠርግ ከጭቃው ጋር ብራና ወጣ። አንሥታ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም የብራና ቦታው ማኅደር እንጂ የጓዳ ጭቃ እንዳልሆነ ታውቃለች። የተጻፈበት ምንም ይሁን ምን፣ እዚህ መገኘቱ ብቻ ለሷ በቂ ነበር። ከጉብታው ወጥታ ጮኸች።

«የሰው ያለህ! ብራና በውሃ ወርዷል! ከላይ ቤት ፈርሷል!»

ሰው ዶማውንና አካፋውን ይዞ ተመመ። ወደ ላይ ወጥተው የተደረመሱትን አራት ቤቶች አዩ፤ የቀሩት ሰባቱም ዘመው ነበር። ያን ቀን ሸለቆው አንድ ሆነ። የዘመሙትን ቤቶች አፍርሰው፣ የተቆረጠውን የቦይ ግንብ መልሰው ካቡ። የላይኛው ገበሬና ልጆቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ሕዝቡም «ተገላገልን» ብሎ ወረደ። ያቺ ባልቴት ባትጮኽ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ጭቃው ውስጥ የቀረው ብራና ግን ገና እየታጠበ ይወርድ ነበር። ባልቴቷ ባገኘችው ቁጥር ትጮኻለች። ሰውም በጮኸች ቁጥር ጥማዱን ጥሎ ይሮጣል፤ ሲሮጥ የራሱንም የጎረቤቱንም ቡቃያ ይረግጣል፤ ወደ ላይ ሲደርስ የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ እርስ በርስ መጠራጠር መጣ። አንዱ የአንዱን ካብ «ከዚህ ነው የሚወርደው» እያለ ናደበት። በሦስተኛው ወር ባልቴቷ ስትጮኽ ከቤቱ የሚወጣ አልነበረም፤ ቢወጣም ሊጣላ ነው የሚወጣው። ጩኸቷ ሐሰት ሆኖ አይደለም። ጩኸት ግን ማብቂያ ከሌለው ከጠላት ባልተናነሰ አገር ያደክማል።

በዚሁ መካከል ከሸለቆው እኩሌታ ላይ አንድ ጭምት ሰው ነበረ። ባለ ሙያ ነው፤ የቤቱን ነገር ሳያድር ይጠግናል። ብራናውን አይጥ በልታበት ትንሽ ቀዳዳ ስላገኘ በምን ልድፈነው ሲል፣ ከማሳው አፍ ላይ አንድ ቁራጭ ብራና አየ። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው። ቃሉን አነበበው፤ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ክፉ ቃል የለበትም። አጥቦ አደረቀው፤ በወስፌ በስቶ በጅማት ሰፋው። ቁራጩ ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ነበርና ከቀዳዳው ሥር ያለውን አንድ መስመር ደርቦ ሸፈነው። ሰውየው ይህን አላስተዋለም። ብራናው ተጠገነ ብሎ ደስ አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከፍታል፤ አይዘጋም። ከላይኛው ገበሬ ጋር ግን ዝምድናም ሆነ ጉርብትና አልነበረውም።

ከሱ ቀጥሎ በታች የምትኖረው ታናሽ እህቱ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ለማሳደግ ብቻዋን ሽንኩርት ትተክላለች። አንድ ቀን እግሯ አቧራ እንደ ለበሰ መጣች።

«ወንድም ዓለም፣ ሽንኩርቴ ውሃ ካየ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» አለችው።

«እግዜር ያምጣልሽ።»

«እግዜርማ አምጥቶት ነበር። የቆመው አንተ ጋ ነው።»

ተቆጣ። ሰው በሐሰት ሲወቀስ እንደሚቆጣው ነው የተቆጣው። «እኔ ከሕጉ ዝንፍ ብዬ አላውቅም! አንቺም ታውቂኛለሽ።»

«አውቅሃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ወደ ዳኛ ሳልሄድ ወዳንተ የመጣሁት። ማሳህ ሲጠግብ ዝጋ አይልም ወይ?»

«አይልም።»

«አባታችን ሲያነብ እኔ ከጎኑ ጥጥ እፈትል ነበር። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጆሮዬ ግን አይረሳም። ይላል።»

«ቁጭ በይ፤ ላንብብልሽ።»

ብራናውን አውርዶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበላት። እሷ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለችው። ከመካከሉ ላይ ሲደርስ እጇን አነሣች።

«እዚህ ጋ ዘለልህ።»

«አልዘለልሁም። የተጻፈውን ነው ያነበብሁት።»

«እንግዲያው ድገመው።»

ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። አባቱ ሐሰተኛ እንዳልነበረ ያውቃል፤ እህቱም እንዳልሆነች ያውቃል። እሱም ሐሰት አልተናገረም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው? ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ብራናውን ፈራው። ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና ከእህቱ ጋር ወደ ውሃ አባት ወረደ።

የውሃ አባት ማለት በዚያ አገር ውሃ እንዲያከፋፍል ሕዝቡ የሚመርጠው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ብራናውን ተቀብለው አላነበቡትም። በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከአንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ወፍሯል። ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነበረው፤ ጠግኜው ነው» አለ ሰውየው።

«በምን?»

«ከቦዩ ባገኘሁት ብራና። ቃሉ የኛው ሕግ ነው ብዬ።»

«ከማን ቤት የወረደ ነው?»

«እንጃ» አለ። አያውቅማ።

ሽማግሌው ወስፌ አስመጡ። ጅማቱን አንድ በአንድ እየበጠሱ ቁራጩን አነሡት። ከሥሩ መስመሩ ወጣ፤ ቀለሙ ሳይነካ፣ አባቱ እንዳነበበው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነበበው። እየሮጠ ሄዶ ውሃውን ዘጋ። የዚያኑ ዕለት ወደ እህቱ ማሳ ውሃ ደረሰ። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ግን አልተመለሰም። ልጆቿን ይዛ እስከ መከር ድረስ የበላችው ከወንድሟ ቤት ነው።

የውሃ አባት ግን ያን ቁራጭ ብራና አልጣሉትም። ከላይኛው ገበሬ ሰፈር የወረደ መሆኑን ከጎደለው መስመር አወቁ። ቤቱ ከፈረሰ ወራት አልፈዋል፤ ጽሕፈቱ ግን ገና ይሄዳል፤ ባለቤቱ በሌለበት አገርም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ቦዩ ከሚጠብበት አንገት ላይ ከቀጭን ሸምበቆ የተሠራ ቅርጫት አስቀመጡ። ውሃው ያልፋል፤ የወረደው ብራና ይያዛል። በየሳምንቱ እየሄዱ ያነሡና ያነቡታል። መስመሩ ሙሉ የሆነው ካረጀ ቤት የወረደ ነው፤ ይተዉታል። መስመሩ የጎደለውን ይቆጥሩታል። ቁጥሩ በየወሩ ቀነሰ፤ በዓመቱ ጠፋ። እሳቸው ግን ቅርጫቱን አላነሡትም።

ሰው ሣቀባቸው። «የውሃ አባት ሥራ ቢያጡ ጭቃ ያነባሉ» ተባለ።

በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ከቅርጫቱ አንዲት ቁራጭ አገኙ። ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አነበቧት፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ቃል አለ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ቃል አለ፣ በመካከሉ ያለው የለም። ቀለሙም ገና ትኩስ ነው። ወደ ላይ ቀና ብለው ተመለከቱ፤ ከቦዩ ራስ ላይ የሚታይ ቤት የለም። ውሃውም አልጎደለም። ቅር የተሰኘ ሰው የለም፤ ከሳሽ የለም። ቁራጯ ብቻ አለች።

ባልቴቷ እንዳደረገችው አልጮኹም። ሁለት ሰው አስከትለው ወጡ። ከቦዩ ራስ አልፈው፣ ከጉብታው በስተጀርባ፣ አንዲት ጎጆ አገኙ። ከላይኛው ገበሬ ልጆች አንዱ ናፍቆት መልሶት ኖሮ ከሰው ዐይን ተሰውሮ የሠራት ናት። ቀጭን ቦይ ቀድዶ ውሃ መሳብ ከጀመረ ገና ወሩ ነው፤ ብራናውም ከረጠበው ግድግዳ ላይ እየተቆራረሰ በውሃ መውረድ ጀምሯል። በዚያው ቀን ቦዩ ተደፈነ፤ ጎጆዋ ተነሣች፤ ብራናው ተወሰደ። ልጁንም ወደ ታች አውርደው ሙሉ ሕግ ገልብጠው ሰጡት። ከሸለቆው ሰው አብዛኛው ነገሩን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ማንም አንዲት ቡቃያ አልደረቀችበትም።

ዶክተር ኅሩይ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ስንቅነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሸለቆው ገላሽ ነው። ቦዩ ደምሽ ነው። በየቤቱ የተሰቀለው ብራና ያ ዲኤንኤ የሚሉት ነው፤ በእያንዳንዷ ሕዋስሽ ውስጥ ሙሉው ሕግ ተጽፏል። ዕጢ ማለት ዝጋ የሚለው መስመር የጠፋበት ሰፈር ነው። የዕጢ ሕዋስ ሲሞት እንደ ማንኛውም ቤት ይፈርሳል፤ የተጻፈው ግን ተቆራርጦ በደም ይወርዳል። የሞተ ነገር ምን ያደርጋል አልሽኝ። የሞተው ቤቱ ነው። ጽሕፈት አይሞትም፤ አንባቢ እስካገኘ ድረስ።»

ስንቅነሽ እንደ ሒሳብ ሰው ጠየቀች። «ያች ባልቴት እኔ ውስጥ አለች?»

«አለች። በደንብ እናውቃታለን። የሕዋስ ዘብ ናት፤ ዲኤንኤ ያለ ቦታው ስታገኘው ትጮኻለች፤ የሰውነትሽም ተከላካይ ይነሣል። ጩኸቷ መልካም ነው። ሳያቋርጥ ለወራት ሲሆን ግን ገላን ያቆስላል፤ ለዕጢውም ይመቸዋል።»

«ያ ብራና የሰፋውስ ሰው?»

«እሱን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም። በቤተ ሙከራ ጤነኛ ሕዋስ ከዕጢ የረገፈ ዲኤንኤ ወስዶ ጠባዩ ሲለወጥ ታይቷል። በሰው ገላ ውስጥ ይህ ይሆን እንደሆነ፣ ቢሆንም ምን ያህል እንደሆነ፣ ገና እየተጠና ነው። አብዛኛው ቁራጭ ሣር ላይ ቀርቶ ይበሰብሳል። ይህንን ግን አውቃለሁ።»

«ቢሰፋውስ? የሚፈታ ወስፌ አላችሁ?»

«ወስፌ ገና የለንም፤ ቅርጫት ግን አለን። እሱም ቢሆን ሁሉን አይዝም፤ አንዳንዴ ያመልጠዋል። ደም ስጪ የሚሉሽ ለዚህ ነው።»

አንገቷን ደፍታ የክንዷን ውስጥ፣ መርፌ የሚገባበትን ቦታ፣ በጣቷ ዳሰሰች። የመጣችበት ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀ።

«ጋሼ፣ ካገኙብኝስ?» አለች።

«ካገኙ፣» አሉ ዶክተር ኅሩይ፣ «ገና አንድ ጎጆ እያለች ነው።»